አድማጭ እንዋዋስ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ ስለ አማርኛ ፖድካስቶች የወጣውን ሐተታ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው የደከሙበት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ስለ ቀረጻ ዕቃዎች መወደድና ስለ ውጭ ምንዛሪ ክፍያ ችግር ያሰፈሩት ሁሉ እውነት ነው። ድምዳሜያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። አድማጭ የሚመጣው ማስታወቂያ በመግዛትና ርዕስ በማጦዝ ነው፤ ይህን ማድረግ የማይችል የክፍለ ሀገር አዘጋጅ የሚሠራው ለራሱና ለወዳጆቹ ብቻ ነው ብለዋል። እኔ የክፍለ ሀገር አዘጋጅ ነኝ። ፖድካስቴን ለማስተዋወቅ ብር ከፍዬ አላውቅም። ዝግጅቱ ግን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በጅዳ፣ በሪያድና በዱባይ፣ አልፎም በሜሪላንድ ይደመጣል። ይህ የሆነበት መንገድ ለሌሎች አዘጋጆች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ልኬላችኋለሁ።

ሙያዬ ፋርማሲ ነው። ቀን ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ስለ መድኃኒት አጠቃቀም የሚናገር ዝግጅት እቀርጻለሁ። አንዱ ክፍል ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ለጉንፋን አሞክሲሲሊን ለምን እንደማያስፈልግ፣ ለደም ማነስ የታዘዘ አይረን በቡና ወይም በሻይ ሲወሰድ ሰውነት ለምን በሚገባ እንደማይቀበለው፣ ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር ለምን እንደማይሄድ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ኢንሱሊንን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የሕፃን ሽሮፕ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ለምን መለካት እንዳለበት አስረዳለሁ። ባንኮኒው ላይ በየቀኑ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። እዚያ ግን ከኋላ ሰልፍ አለ፤ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ቆማ ትጠብቃለች፤ መልሱ ያጥራል። ለዚያ ያጠረ መልስ ሙሉ ጊዜ ለመስጠት ነው ፖድካስቱን የጀመርኩት።

እንዲህ ያለ ዝግጅት በተገዛ ማስታወቂያ አድማጭ ሊያፈራ አይችልም። የመድኃኒት ነገር በመጀመሪያ የመተማመን ነገር ነው። ስልኩ ላይ ድንገት ብቅ ያለች የማያውቃት ሴት «ይህን መድኃኒት እንዳታቋርጥ፣ ያንን ከጎረቤት እንዳትዋስ» ብትለው፣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህቺ ማን ናት?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን የሚችለው እኔን የሚያውቅና አድማጩም የሚያምነው ሦስተኛ ሰው ብቻ ነው፤ እህት ለእህቷ፣ ሼሁ ለጀመዓው፣ የንስሐ አባት ለልጃቸው፣ ወይም የራሱን አድማጮች በሥራው ያፈራ ሌላ አዘጋጅ ለተከታዮቹ። በየሥልጠናው ትብብርና ትስስር እየተባለ ሲነገር የሚጎድለው ይህ ነው። የሚታመነው ሰው አድማጩን ያውሰኛል፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ የእኔን አውሰዋለሁ። የተዋሰ ሰው ደግሞ ያለበትን ግዴታ አንባቢዎቻችሁ ያውቃሉ።

ለአገራችን ነገሩ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ የደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ደራሲው ድርሰት ነበራቸው፣ ተዋናዩ ድምፅ ነበረው፣ ጣቢያው አድማጭ ነበረው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቷ ልጅ ታውቃት የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። በእኔ ሙያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒቱን ማቋረጣቸው ሐኪሞችን ያስጨንቅ ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ፣ ቃሉ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሊገባበት በማይችል ቦታ ሁሉ ገባ። ሐኪሞቹ ከዚያ በፊት ያንኑ ሳይናገሩ ቀርተው አይደለም። ሕሙማኑ የሚሰሙት ግን ሌላ ሰው ነበር።

የእኔ ፖድካስት ከሥራ ባልደረቦቼና ከዘመዶቼ አልፎ መሰማት የጀመረው በአንድ የረመዳን መዳረሻ ነው። ወሎ ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት አለ። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ክኒኑን እንደወትሮው ውጦ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሌላው ደግሞ ጾሙ እንዳይፈርስበት መድኃኒቱን እስከ ዒድ ድረስ ጨርሶ ይተወዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለሙስሊም ወገኔ ስለ ጾሙ ድንጋጌ ማስተማር አልችልም፣ ቦታዬም አይደለም። ስለዚህ በሰፈራችን የሚከበሩ አንድ ሼህ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን አስረዳኋቸው። እሳቸውም በፖድካስቱ ላይ ቀርበው ሕመምተኛ በሌሎች ቀናት ቀዷ እንዲያወጣ፣ ማለትም ያለፈውን ጾም በኋላ እንዲተካ፣ ቁርኣን የፈቀደለት መሆኑን ከሱረቱል በቀራ እየጠቀሱ አስረዱ፤ እኔ ደግሞ መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛ ከረመዳን በፊት ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል እንዳለበት ተናገርኩ። ሼሁ ያንን ክፍል በራሳቸው ድምፅ መግቢያ ጨምረው ለጀመዓቸው በቴሌግራም ላኩት። እኔ በምንም ልፋት ላገኛቸው የማልችላቸው አባወራዎች በሳምንቱ ባንኮኒዬ ላይ የመድኃኒት ካርዳቸውን ይዘው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ። ያንን ዝግጅት የሰሙ አንድ ቄስ «ለዐቢይ ጾም የእኛስ ሕሙማን?» ብለው ራሳቸው ላኩብኝ። ክኒናቸውን እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እያቆዩ የሚሰቃዩ የጨጓራና የስኳር ሕመምተኞች ነበሩና፣ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ሊደረግለት ስለሚችለው ነገር በሰፊው ተወያየን። ሁለቱ አባቶች የላኳቸው አድማጮች ዛሬም አብረውኝ ናቸው። ለምን ቀሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ርዕሱ ግማሹ የእንግዳው፣ ግማሹ የእኔ ስለነበረ ነው እላለሁ። እንግዳ ስሙ እንዲያደምቅልን ብቻ ከተጋበዘ አድማጩ ከእንግዳው ጋር መጥቶ ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። ታዋቂ ዘፋኝ አቅርበው ለአንድ ሳምንት ቁጥራቸው ሰማይ ከነካ በኋላ ወደነበሩበት የሚመለሱ አዘጋጆች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

ስለ መድኃኒት ቤቶቹም ልናገር፤ ምክንያቱም ተፎካካሪዎች መተባበር አይችሉም የሚባለውን ስሰማ ያንገበግበኛል። ክኒን ቆጥረን የምንሰጥባት ትንሽ የወረቀት ፖስታ አለች። በእሷ ላይ የምትለጠፍ፣ የፖድካስቱን ስምና ኪው አር ኮድ የያዘች ቁራጭ ወረቀት አሳትሜ ለሌሎች መድኃኒት ቤቶች ወሰድኩ። ሥጋታቸው ግልጽ ነበር፦ ደንበኛችንን ልትወስጂብን ነው። ሥጋቱን ያስወገደው አንድ ውል ነው። በዝግጅቱ ላይ የማንም መድኃኒት ቤት ስም፣ የምሠራበትም ጭምር፣ በፍጹም አይነሣም። እነሱ ደግሞ ደንበኞቻቸው የሚያስቸግሯቸውን ጥያቄ በድምፅ ቀርጸው ይልኩልኛል፤ ቀጣዩን ክፍል በዚያ ላይ እሠራለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን የላከው ፋርማሲስት «እኔ የጠየቅኩት ነው፣ ስሚው» እያለ ለደንበኛው ይሰጣል። ወረቀቷ ከደሴ አልፋ ኮምቦልቻና ሐይቅ ደርሳለች። ለእነሱ ያለው ጥቅም ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አስቀድሞ የተረዳ ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ጭቅጭቅ አያበዛም፣ «ያለ ማዘዣ ስጡኝ» ብሎም አይቆጣም።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው የተረፈው ቅሬ ነው። አዲስ አበባ እድር የምትሉት እኛ ዘንድ ቅሬ ይባላል። የአንድ ቅሬ ዳኛ ስብሰባው ሲያበቃ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት የሠራሁትን ክፍል በትንሽ ድምፅ ማጉያ ያሰማሉ። ይህ በየትኛውም መተግበሪያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ለእኔ ግን አድማጭ ነው፤ ደግሞም ግፊቱ ስለወረደ መድኃኒቱን ሊተው ያሰበ ሽማግሌ የሚገኘው እዚያ ነው።

በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን አንባቢዎቻችሁ ያስታውሳሉ። ከዚያ ቀደም ብሎም በዚያው ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ በመላ አገሪቱ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። ሥራቸውን በአንድ መድረክ ላይ ብቻ የመሠረቱ አዘጋጆች በአንድ ሌሊት አድማጭ አልባ ሆኑ። እኔ በዚያ ጊዜ የተረፍኩት በሁለት ወዳጅነቶች ነው። አንደኛው በመናኸሪያው ዙሪያ ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ዘፈን፣ መዝሙርና መንዙማ ከሚጭኑ ወጣቶች ጋር የነበረኝ ነው። ዝግጅቱን በሞኖ ድምፅና በሰከንድ በ32 ኪሎቢት ጥራት ሳወጣው የ20 ደቂቃ ክፍል 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ የንግግር ድምፅ ስለሆነ ጉዳቱ አይታወቅም። ልጆቹ ዘፈን ለሚያስጭን ደንበኛ የእኔን ክፍሎች በነፃ ይጨምሩለታል። እኔም በምትኩ ሱቆቻቸው የት የት እንደሚገኙ በየክፍሉ መጨረሻ እናገራለሁ። በዚህ መንገድ ድምፄ በሚኒባስ ፍላሽ ወደ ወልዲያና ወደ ከሚሴ ተጉዟል። ሁለተኛው ከአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የጤና ክፍል አዘጋጅ ጋር ያለኝ ወዳጅነት ነው። ዝግጅቱን ያለ ክፍያ ሰጠሁት፤ ሳይቆረጥ እንዲተላለፍና የፖድካስቱ ስም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እንዲጠራ ብቻ ጠየቅኩ። ነፃ ይዘት አገኘ፤ እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ኖሮም አልኖረም የሚሰሙኝን አርሶ አደሮች አገኘሁ። ትብብር ሲታሰብ እኛ በምንሄድበት መንገድ የማይሄድ ሰው መፈለግ ያለብን ለዚህ ነው። ሁለት የቴሌግራም ቻናሎች ቢደጋገፉ ቴሌግራም ሲዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉ።

አሁን ወደ ባሕረ ሰላጤው ልሂድ። ከወሎ ስንት ሴት ልጅ ሳዑዲ ዓረቢያና ኤምሬትስ እንዳለች መናገር አያሻኝም፤ በደሴ ዙሪያ ልጅ ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከስደት የተመለሱ ሴቶች ለስደተኛ እህቶቻቸው የሚያዘጋጁት አንድ ፖድካስት አለ። ለእነሱ ስጽፍላቸው ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ሻንጣ ጻፍኩላቸው። ለወገብና ለጥርስ ሕመም እዚህ በቀላሉ የሚወሰዱ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች በኤምሬትስና በሳዑዲ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ተገቢው ፈቃድና ማስረጃ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። አንዲት ልጅ እናቷ በፍቅር ሻንጣዋ ውስጥ ባስገባችው ክኒን የተነሣ ኤርፖርት ላይ ልትያዝ እንደምትችል የሚነግራት የለም። እኔ በእነሱ ፖድካስት ላይ ቀርቤ ይህን አስረዳሁ። እነሱ በእኔ ላይ ቀርበው በቤት ሠራተኝነት ያለች ልጅ ስትታመም አሠሪዋን ሐኪም ቤት እንድትወስዳት በዓረብኛ እንዴት እንደምትጠይቅ፣ የሚሰጣትንም መድኃኒት ስም እንዴት ፎቶ አንሥታ እንደምትይዝ አስተማሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ የድምፅ መልእክት ከጅዳና ከሪያድ ይመጣልኝ ጀመር። ሌሊት ሥራ ጨርሰው በማድ ቤት ጥግ ሆነው በሹክሹክታ የሚቀርጹት ነው። እኔን «እትዬ» እያሉ፣ ስለ ራሳቸው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እናታቸው የደም ግፊት ይጠይቁኛል። እነሱ ዝግጅቱን ወደ አገር ቤት ሲልኩ እናት ትሰማለች፤ ምክንያቱም የላከችው ልጇ ናት። ከመድኃኒት ቤታችን በእግር የሚደረስ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ ባንኮኒው መጥተው «ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ ሴትዮ መድኃኒቱን ከቡና ጋር አትውሰጂ ብላለች» ሲሉኝ፣ የእኔ ቃል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ተመልሶ ስለ መጣ እንደታመነ ገባኝ። ሜሪላንድ ያሉት አድማጮችም እንዲሁ ነው የመጡት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአንዷ እህት ለቤተ ክርስቲያን የእናቶች ቡድን ላከችው። አዳዲስ አድማጮች ሲጽፉልኝ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ «ከማን ሰማችሁ?» የሚል ነው፤ መልሱን በደብተር እይዛለሁ። የትኛው ወዳጅነት እንደሚሠራ የሚነግረኝ ያ ደብተር ነው።

በውጭ አገርም ትልልቆቹ ያደጉት እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሲሪያል» የተባለው ፖድካስት የመጀመሪያ ክፍሉ የተሰማው ለረጅም ዓመታት አድማጭ ባፈራው «ዚስ አሜሪካን ላይፍ» የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ነው፤ ነባሩ የራሱን ሰዓት ለአዲሱ ለቀቀለት። በዚያው ዓመት ሬዲዮቶፒያ የሚባል ስብስብ በሰባት ዝግጅቶች ተመሠረተ። እያንዳንዱ ሥራውን በነፃነት ይዞ ቀጠለ፤ አንዱ የሌላውን ያስተዋውቃል፣ ገንዘብም በጋራ ያሰባስባሉ። የዶላሩን ነገር እንተወው፤ አንዱ በሌላው ክፍል መጀመሪያ ላይ ገብቶ ስለ ራሱ ግማሽ ደቂቃ እንዲናገር መፍቀድ ግን ዶላር አይጠይቅም። የሌላውን አንድ ሙሉ ክፍል በራስ ቻናል ላይ ማስተላለፍም እንዲሁ።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ለምን አልተለመደም? አንዱ ምክንያት አጠያየቃችን ነው። «ሰላም፣ ሥራሽን እወደዋለሁ፣ እንተባበር» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። የትኛውን ክፍል እንደሰማ አይናገርም፤ በምን እንደምንተባበር አይናገርም። ለእንዲህ ያለው መልስ ለመስጠት እንኳ ይቸግራል። በአንጻሩ አንዲት የወላጆች ፖድካስት አዘጋጅ የጻፈችልኝን አልረሳውም። ስለ ሽሮፕ መለኪያ የሠራሁትን ክፍል ሰምታ፣ አድማጮቿ የሆኑ አባቶች ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው ፓራሲታሞልን በክብደት ሳይሆን በግምት እንደሚሰጡ ነግራኝ፣ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አጭር ውይይት እንድንሠራ ቀንና ሰዓት ጠቅሳ ጠየቀችኝ። ከራሷ ይልቅ አድማጮቿን አስቀድማ ስለመጣች ወዲያውኑ እሺ አልኳት። ከሌላ ሰው አድማጭ መዋስ የሚፈልግ አዘጋጅ የዚያን ሰው አድማጭ ችግር ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ከመስማት በቀር አቋራጭ የለም። በቴሌግራም ላይ «የእኔን ላኩ፣ የእናንተን እልካለሁ» እየተባለ የሚከፈቱት ቡድኖች ከንቱ የሚሆኑትም በዚህ ነው። ማንም የማንንም ሳይሰማ ሁሉም ለሁሉም ይልካል፤ አድማጭም ያልተሰማ ነገር እንደተላከለት ያውቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ቃል መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የዩቲዩብ ዝግጅት በእንግድነት ሊያቀርበኝ ክፍያ ጠይቆኛል። ከፍሎ የቀረበ ሰው ከፍሎ እንደቀረበ ለተመልካቹ ካልተነገረ፣ ያ ትብብር ሳይሆን የአድማጭን እምነት መሸጥ ነው። ከዚህ የከበደው ደግሞ ከአንድ መድኃኒት አስመጪ ወኪል የመጣልኝ ሐሳብ ነበር። ስቱዲዮ ሊሠራልኝ፣ በየወሩም ሊከፍለኝ፣ እኔ ደግሞ የሚያስመጣቸውን ሁለት መድኃኒቶች «በምሳሌነት» እንድጠራለት። በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። አዋጁ ባይኖር እንኳ አላደርገውም ነበር። አድማጮቼን ያዋሱኝ ሼሁ፣ ቄሱ፣ በየከተማው ያሉ የሙያ ባልደረቦቼና የጅዳ እህቶች ናቸው። የተዋስኩትን መሸጥ አልችልም።

ስፖንሰር ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የማይክሮፎን ዋጋ ስንት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ የብዙ ወጣት አዘጋጆች ሥራ በዚህ ምክንያት መቋረጡም ያሳዝነኛል። ባንክ፣ የስልክ ኩባንያ ወይም መጽሐፍ መደብር በግልጽ ተነግሮ ቢደግፍ ምን ክፋት አለው? ጥያቄው የሚደግፈን አካል ዝግጅቱ የሚናገርበትን ጉዳይ የሚሸጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ለእግር ኳስ ፖድካስት የሚስማማው ለእኔ ላይስማማ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ነገር አለ። ጋዜጣም አድማጭ ሊያውስ ይችላልና። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዓምዶቻችሁ መካከል ትንሽ ቦታ ሰጥታችሁ የአማርኛ የድምፅ ዝግጅቶችን አስተዋውቁ፦ ስሙ፣ ስለ ምን እንደሚናገር፣ ርዝመቱ፣ የት እንደሚገኝ፣ ከዚያም ክፍሉን በእርግጥ የሰማ ጋዜጠኛ የጻፈው አንድ አንቀጽ። ክፍያ አይኑርበት። በተከታይ ብዛት አትደርድሯቸው፤ ብዙ ተከታይ ያለው የእናንተን እርዳታ አይፈልግም። ከአዲስ አበባ ውጭ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማና ከድሬዳዋ የሚሠሩትን፣ ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ የሚሠሩትንም ፈልጉ። በምትኩ አዘጋጆች የጋዜጣችሁን ጽሑፎች በድምፅ አንብበው ማቅረብ ይችላሉ። ጋዜጣ ማንበብ የማይችሉ ዓይነ ስውራን ወገኖች፣ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን፣ መሪ ጨብጠው የሚውሉ ሾፌሮች ይሰሟችኋል። የጤና ገጻችሁን በየሳምንቱ አንብቤ ለማቅረብ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ዝግጁ ነኝ።

ለፖድካስት አዘጋጅ ባልደረቦቼም በእናንተ በኩል አንድ ጥሪ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ጀርሞች ከመድኃኒት ጋር ስለ መላመዳቸው የግንዛቤ ሳምንት ያከብራል። ለሚመጣው ኅዳር እያንዳንዳችን ከራሳችን ርዕስ ተነሥተን አንድ አንድ ክፍል እንሥራ። የግብርና አዘጋጆች ለዶሮና ለላም ስለሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ የሕግ አዘጋጆች ያለ ማዘዣ መድኃኒት ስለ መሸጥ፣ የወላጆች ፖድካስቶች ለልጅ ጉንፋን ስለሚገዛ ሽሮፕ፣ የታሪክ አዘጋጆች ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ሰው በምን ይሞት እንደነበር። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ አንዱ የሌላውን ስም ይጥራ፤ የአንዱን አድማጭ ወደ ሌላው ይላክ። የሙያ መረጃውን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሁሉ እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እናግዛለን። አዘጋጆች ስማቸውንና ርዕሳቸውን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ቢልኩ፣ እናንተም ወደ እኔ ብታሻግሩልኝ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያወጣ የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጅቼ እስከ ጥቅምት አጋማሽ እልክላችኋለሁ፤ ለአንባቢዎቻችሁ ብታትሙት ደስታዬ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ፋርማሲስትና የፖድካስት አዘጋጅ
ከደሴ